«ሃይብሪድ ሸራ አይበላም» ብለውን እንጅባራ ሄድን

የክፍል ጓደኞቼ ስለ አዊ ሲጠይቁኝ መስማት የሚፈልጉት ስለ ፈረሱና ስለ ቀርከሃው ነው። አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ ስለሆኑ ያንን አገር ምናልባት መቼም አያዩትም። እኔም በሥርዓቱ ልነግራቸው እጀምራለሁ፤ ግን ብዙ ሳልርቅ ወሬዬ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ድምፄም ይጨምራል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ብዬ ከመጀመሪያው በተራ ልጻፈው አልኩ። መቀዝቀዙ ካልተሳካልኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ቅዳሜ

ከባሕር ዳር ስንወጣ ሁለት ነበርን፤ እኔና የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ይበልጣል። ጋሼ ዕድሜውን የሰው ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ የራሱን መኪና ገዛ። መኪናዋ አሮጌ ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ያገናኘው ደላላ ጥቁር መነጽር ከዓይኑ የማይለይ ሰው ነው። «ሃይብሪድ እኮ ሸራ አይበላም! ፍሬኑን ሳትነካው ልጆችህን ትድርበታለህ» አለው። ጋሼም አመነ። መኪናዋን ከመረከቡ በፊት አንድ ጋራዥ «ሙሉ ሰርቪስ» እንዳደረገላትም ተነግሮት ነበር።

የምንሄደው ጫግኒ ነው። «አባባ» የምላቸው አያቴ፣ የእናቴና የጋሼ አባት፣ እዚያ ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። ሐሙስ ባሕር ዳር የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው፤ ይህ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ እንጅባራ አድረን፣ እሁድ ጫግኒ ወርደን፣ ሰኞ ይዘናቸው ልንመለስ ነበር ሐሳባችን።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ እግሩን ሳያደክም ይደርሳል። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። በሃይብሪድ መኪና ፍሬን ስትረግጡ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ሸራው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨብጦ የሚያቆመው ልባስ፣ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና የመኪናውን ግፊት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ሸራው ዲስኩን የሚጨብጠው በመጨረሻ፣ ወይም በድንገት ሲረገጥ ነው። በሜዳ ከተማ ውስጥ ሞተሩ ብቻውን ያቆማችኋል፤ ሸራው ቢኖርም ባይኖርም አታውቁም። ይህን ያነበብኩት ከጉዞው በፊት በነበረው ሌሊት ነው። በመንገድ ላይ ለጋሼ ስነግረው፣

«ገና አንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ነሽ እኮ! ሁለተኛ ዓመት ስትደርሺ መሪውን ልትቀሚኝ ነው?» አለኝ።

ዳንግላ ደርሰን ጥብስ በላን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ከባሕር ዳር መሆናችንን ስትሰማ «ዓሣ ለምዳችሁ በሬ ትበላላችሁ?» ብላ ጨመረችልን። እኛ ከተማ ለእንግዳ እንዲህ አይጨመርም፤ ቢጨመርም ሒሳቡ ላይ ይታያል።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ጋሼ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ማርሹን ፎሌ ያደርጋል፤ ፈትቶ ይለቃታል ማለት ነው። በሚኒባስ ዘመኑ ነዳጅ የሚቆጥበው እንደዚያ ነበር። በሃይብሪድ ላይ ግን ፎሌ ሲደረግ ያ ጄኔሬተር ሥራውን ያቆማል፤ ባትሪውም አይሞላም፣ ሸክሙም በሙሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። ማርሹ ላይ «B» የሚል ፊደል አለ፤ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ለቁልቁለት የተሠራ ነው። በትሕትና አሳየሁት።

«ቢ ምን ማለት ነው?»

«ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ጋሼ።»

«እኔ ሾፌር ነኝ፤ ሞተር ከያዛት እኔ ለምን ተቀመጥኩ?»

እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ቀዳዳ ገባ። መንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። መኪናው ውስጥ ግን የሚሸተው የተቃጠለ ነገር ነው። ጋሼ «ከሰሉ ነው» አለ። ከሰሉ አልተለኮሰም ነበር።

ያረፍነው አያ ዓለሙ ቤት ነው። አያ ዓለሙ አያቴ ክርስትና ያነሧቸው ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ጫፍ ነው፣ ዳማ ፈረስ አላቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘውዴ ጋር በአዊኛ እያወሩ ወጡና ወደ እኛ ሲዞሩ አማርኛ ሆነ። ከሳሙን በኋላ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ። እዚያ ቤት ከመንገድ የመጣ ፈረስ ሳይዳሰስ አይታሰርም፤ አራቱም እግሮቹ በመዳፍ ይታያሉ፣ የጋለ ካለ ይታጠባል። አያ ዓለሙም እየሣቁ ጎማዎቹን በየተራ ዳሰሱ። የፊት ቀኙ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ፈጥነው አነሡ።

«ይች በቅሎ አንድ እግሯ ታሟል፤ ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ይችኛዋ እሳት ናት።»

«ደክሟት ነው፣ አያ!» አለ ጋሼ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ባልዲ አምጥተው ያንን ቀዝቃዛ የእንጅባራ ውሃ በጋለው ጎማ ላይ ለቀቁት። ብረቱ ፉጨት አሰማ፤ ግቢው በእንፋሎት ተሞላ። «ይብረድላት» አሉ፣ እንግዳ እንዳከበረ ሰው ፊታቸው በርቶ። ለጋለ የፈረስ እግር መድኃኒት ነው። ለጋለ ዲስክ ግን አይደለም፤ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይጣመማል። ይህን እያወቅሁ፣ ያንን ደግ ፊት እያየሁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘውዴ የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ድቁስ አቀረቡልን። እኛ ቤት ድንች ወጥ ውስጥ የሚገባ ማሟያ ነው፤ እዚህ ግን ራሱን ችሎ ይከበራል። ሆዳችን ሞልቶ ወደ ጫግኒ ተነሣን።

ብዙ አልሄድንም። ከከተማው ወጣ እንዳልን ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ጋሼ እንደ ልማዱ ፎሌ አደረገ። ከፊታችን የፈረስ ጋሪ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ ፔዳሉ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ጎተተች እንጂ አልቆመችም።

«ጋሼ!»

«ይዣለሁ! ይዣለሁ እኮ!»

መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገብተን ቆምን፤ ያቆመን ፍሬኑ ሳይሆን የተደረደረ ከሰል ነው። ማዳበሪያዎቹ ፈነዱ። ባለከሰሏ ሴትዮ ነጠላዋን አጥብቃ መጣች።

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ከቤተ ክርስቲያን ነው ከጠጅ ቤት የምትመጡት?»

«ፍሬኑ ነው፣ እናቴ፣ ፍሬኑ እንቢ ብሎ...»

ባለጋሪው ፈረሱን ገትቶ ወደ ኋላ ዞረ። «የእኔ ፈረስ እንኳ ልጓም አለው! እናንተ ምን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ጮኸ።

ሴትዮዋ ካሣ አልጠየቀችንም። «ልቀሙ!» አለች። እኔና ጋሼ በእሁድ ልብሳችን ተንበርክከን የፈሰሰውን ከሰል በእጃችን ለቀምን። ስንጨርስ እጃችንን በራሷ ውሃ አስታጠበችንና «ሰው ባለመሞቱ ተመስገን በሉ» ብላ ሸኘችን። እኛ ከተማ ቢሆን ፖሊስ እስኪመጣ ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።

በእግር ፍጥነት እየተጎተትን ተመለስን። እኔን ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋሼ ግቢ ውስጥ እንደ ወረደ፣

«አያ፣ ያፈሰሱት ውሃ እኮ ፍሬኑን ገደለው!» አለ።

አያ ዓለሙ ደነገጡ። እጃቸውን አይተው «እኔ ነኝ?» አሉ። ራታቸውን በቅጡ አልበሉም። እትዬ ዘውዴ «ለእንግዳ ደግ ልሁን ብሎ እንግዳውን ሊገድል!» እያሉ በአዊኛም በአማርኛም ወቀሷቸው። ውሃው ዲስኩን እንዳጣመመው አልጠራጠርም። ግን የተቃጠለው ሽታ ከውሃው በፊት ነበር፤ ጎማው የጋለው ከውሃው በፊት ነበር። ይህን ለጋሼ ብነግረው «እሺ ኢንጂነር» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ሰኞ

ጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከበስተኋላው ባሕር ዛፍ የሆነ ግቢ ነው። መካኒኩ ዳኛቸው ይባላል። መኪናዋን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«አልዋሽሽም እህቴ፣ ሃይብሪድ ፈትቼ አላውቅም።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። በዚህ ጉዞ ስለዚያች መኪና እውነቱን የነገረን የመጀመሪያው ሰው ነው። ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ እያለ መመሪያውን በስልኬ አወጣሁና እኔ እያነበብኩ እሱ እየፈታ ተጀመረ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ቁልፉ ከመኪናዋ እንዲርቅ፣ በሩም እንዳይከፈት ነበር። በሩ ሲከፈት የፍሬኑ ፓምፕ ይነቃና ዘይቱን መግፋት ይጀምራል፤ የሰው ጣት በመካከል ካለ አደጋ ነው። ይህን ጮክ ብዬ አንብቤ ሳልጨርስ ጋሼ ጃኬቱን ሊያወጣ በሩን ከፈተ። ዝዝዝ! ዳኛቸው መፍቻውን ወርውሮ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሸሸ።

«ወንድሜ፣ ጣቴን ትፈልገዋለህ?»

«በረደኝ እኮ!»

«ጣት የሌለው መካኒክ አይበርደውም?»

ጎማው ወጣ፣ የፊት ቀኙ ሸራም ተፈታ። ሸራ በዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት ነው። ከውጭ በኩል ያለው ወፍራም ነበር፤ አጎንብሶ ከውጭ ለሚያይ ሰው አዲስ ይመስላል። ከውስጥ በኩል ያለው ግን አልቆ ብረት በብረት ላይ ሲፈጭ ኖሯል። ሁለቱን እኩል የሚያንሸራትቱት ዘንጎች ዝገው ደርቀዋል። ዳኛቸው በመዶሻ ነው ያወጣቸው። ሃይብሪድ ሸራ አይበላም ማለት ለካ ሸራው ሥራ ስለሚፈታ ዘንጎቹ ይዝጋሉ ማለት ነው። በየጊዜው ተፈተው ካልተጸዱና ግራሶ ካልተቀቡ ይጣበቃሉ። ብዙ ስለማይሠራ ብዙ መታየት ያስፈልገዋል። ይህ ከባድ ትምህርት ነው? «ሙሉ ሰርቪስ» ያደረገው ጋራዥ አንድ ጎማ ፈትቶ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር።

«ይህ ዝገት የትናንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፣ ጋሼ እንዲሰማ።

«ይህ? ይህ እንኳን የትናንት የአምናም አይደለም።»

ጋሼ አጎንብሶ ዝገቱን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው።

ከዚያ የባሰው መጣ። መመሪያው ላይ መኪናዋ ስትነሣ ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ ለአፍታ በርተው መጥፋት እንዳለባቸው ተጽፏል። ሥዕሉን ከዳሽቦርዱ ጋር እያመሳሰልኩ አየሁ፤ አንዷ፣ የፍሬኗ ቢጫ መብራት፣ ጭራሽ አልበራችም። አምፖሏ ተቃጥሎ ይሆናል ብለን ዳኛቸው የዳሽቦርዱን መሸፈኛ ፈታ። መብራቷ ላይ በጥንቃቄ የተቆረጠች ትንሽ ጥቁር ናስትሮ፣ የሽቦ ማሸጊያ ፕላስተር፣ ተለጥፋለች። ሲልጣት ቢጫው ቦግ አለ።

መብራቷ ስንት ጊዜ ስትጮህ ኖራለች! ከባሕር ዳር ጀምሮ፣ በዳንግላ፣ በከሰሉ ቦይ፣ ከናስትሮው በታች ሆና ስትነግረን ነበር። ያንን ዳሽቦርድ ለመፍታት ጊዜ ያገኘ ሰው ጎማ ለመፍታት ጊዜ አጣ! መቀሱን አንሥቶ በልክ የቆረጠ እጅ ግራሶ መቀባት ከበደው!

ጋሼ ለደላላው ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«መብራቷን ማን ነው የሸፈናት?»

«እህ፣ እሷን አገኛችኋት?» ሣቅ ተሰማ። «ወንድሜ፣ እንዳትረብሽህ ብለን እኮ ነው!»

እንዳትረብሽህ።

ማክሰኞ

አዲሱ ሸራ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተልኮ መጣ። ረዳቱ «ቶሎ በሉ፣ ፍሬን ለሌለው ሰው አልቆምም!» እያለ በመስኮት ወረወረልን። ወሬያችን መንገዱን ሁሉ አዳርሷል። ዲስኩ ብረት በሚላግበት ቶርኖ ቤት ተስተካከለ፤ ዘንጎቹ ጸድተው ግራሶ ተቀቡ። ስትሞከር ቀጥ ብላ ቆመች። ቢጫዋ መብራት ግን አልጠፋችም። ዳኛቸው የፍሬን ዘይቱን በጣቱ አሳየን፤ እንደ ጠላ ጠቁሯል።

«ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ መሬት ይነካል። እኔ እንዳልለውጠው በይች ዓይነት መኪና ዘይት ሲለወጥ መስመሩ ውስጥ የሚገባው አየር በኮምፒውተር ነው የሚወጣው፤ እሱ ደግሞ እኔ ጋ የለም። ጫግኒ ውረዱ ብዬ አልፈርድም።»

ማታ በአያ ዓለሙ ቤት ጋሼ «ቀስ ብለን እንወርዳለን፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው!» አለ። እኔ ያን ጊዜ ተነሣሁ። እኔ ሰው ፊት የማልጮኽ፣ ታላላቆቼን ማስደሰት የምወድ ልጅ ነኝ። «አባባን የምትጭነው በዚች መኪና ከሆነ ከጎማው ሥር እተኛለሁ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«መብራቷ በርታለች! አሁን ናስትሮው እኮ የለም፤ አሁን አላየሁም ማለት አትችልም!»

አያ ዓለሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይበልጣል፣ እኛ ፈረስ ይዘን ቁልቁለት ስንወርድ እንዴት እንደምንሄድ ታውቃለህ?»

«እንዴት ነው፣ አያ?»

«ወርደን። ልጓሙን ይዘን በእግራችን። ፈረሱን ስለማናምነው አይደለም፤ ቁልቁለቱን ስለምናውቀው ነው። ወርዶ የሄደ ጎበዝ ደግሞ ማንም ፈሪ ብሎት አያውቅም።»

ጋሼ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ተነሥቶ የአያ ዓለሙን ጉልበት ሊስም አጎነበሰ። «ስለ ውሃው ይቅር ይበሉኝ። የታመመውን ያገኙት እርስዎ ነበሩ።»

«ተው! ተው ልጄ! ባልዲውን ግን ከእንግዲህ ለዳማዬ ብቻ ነው» አሉ። የዚያን ቀን ራታቸውን በሉ።

ረቡዕ

ጫግኒ በአውቶቡስ ወረድን። ቁልቁለቱን በመስኮት እያየሁ፣ በየመጠምዘዣው የእኛ መኪና የት ላይ ትጨርስ እንደነበር ሳስብ ነበር። ታች ሙቀቱ ጠበቀን፤ ባሕር ዳር የገባሁ መሰለኝ። አያቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«የመኪና ድምፅ አልሰማሁም፤ ይበልጣል በምን መጣ?»

«በአውቶቡስ፣ አባባ።»

«መኪና የገዛ ሰው በአውቶቡስ?» ብለው ሣቁ።

በሚቀጥለው አውቶቡስ ይዘናቸው ወጣን። እንጅባራ ስንደርስ ጋሼ እንደገና ፈተና ገባ። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር መንገዱ እንደ ጫግኒው አይደለም። አባቱን በራሱ መኪና ማስገባት ዓመታት የተመኘው ነገር ነው። እኔም ስለዚህ ልቤ ራራ። አባባን ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው፤ ጋሼ መኪናዋን አስነሣ።

አያቴ ጭንቅላታቸውን ወደ ዳሽቦርዱ አዘነበሉ። የሰው ፊት የማይለዩት ዓይኖቻቸው አንድ ነገር ላይ አረፉ።

«ይህ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?»

ጋሼ ፊቱን አዞረ። እኔ ነኝ የመለስኩት። «ፍሬኗ ገና አልዳነም ማለት ነው፣ አባባ።»

«መኪናዋ ራሷ ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ዕውሩ ያየሁትን እናንተ ምን ሆናችሁ?» ብለው በሩን በዳበሳ ፈልገው ከፈቱ። ፓምፑ ዝዝዝ አለ። ምርኩዛቸውን አስቀድመው ወረዱ።

መኪናዋ ከዳማው ጎን ቀረች። እትዬ ዘውዴ ለመንገድ የገብስ ዳቦ ቋጠሩልን፤ አያ ዓለሙ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙን። ዘንገና ሐይቅን ሳላይ ተመለስኩ፤ ልታሳዩኝ ቃል የገባችሁልኝ የእንጅባራ ሰዎች ሁሉ ይህን አስታውሱ።

ሐሙስ ቀጠሯችን ላይ ደረስን። የአያቴ አንድ ዓይን ተሠራ። ጋሼ ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ይዞ እንጅባራ ሄደ፤ ዘይቱ ተለወጠ፣ አየሩ ወጣ። አሁን መኪናዋ ስትነሣ ቢጫዋ መብራት ትበራለች፤ ከዚያ በራሷ ጊዜ ትጠፋለች። ጋሼ ቁልቁለት ላይ «B» ያደርጋል፤ ማን እንዳስተማረው ግን አይናገርም።

ሁለተኛው ዓይናቸው የተሠራ ዕለት አያቴን ከሕክምና በዚያችው መኪና ይዘናቸው ስንመለስ ጋሼ ደላሎቹ የሚቀመጡበት ጥላ ሥር አቆመ። ባለ ጥቁር መነጽሩ መጥቶ መስኮቱ ላይ ተደገፈ። «ከሰለቸችህ እንሽጥልህ፤ መብራቷን ዝም እናሰኛታለን» አለ፣ በሙሉ መተማመን።

ጋሼ ከእንጅባራ ጀምሮ በመኪናዋ የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጥፎ ያቆያትን ያችን ናስትሮ ልጦ በሰውዬው መነጽር ላይ፣ በአንዱ መስታወት መካከል፣ ለጠፋት።

«በል፣ አሁን መኪና ያዝና ዓባይ ድልድይን ተሻገር።»

ጓደኞቹ ሣቁ። ደላላውም ናስትሮዋን እየላጠ አብሯቸው ሣቀ። አያቴ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ቀድሞ በተሠራው ዓይናቸው ሰውየውን ትክ ብለው አዩት።

«ይህ ሰውዬ ምን አስቆት ነው?» አሉኝ።